ፎስፈረስ ቀድሞ፣ ፖታሲየም ተከትሎ፦ ፈሳሽ ማዳበሪያ ለቲማቲምና ለሌሎች የፍሬ ሰብሎች

የቲማቲም ወቅት ሲደርስ በመቂና በባቱ የግብርና ግብዓት መደብሮች መደርደሪያ ላይ ደማቅ ሥዕል ያለባቸው ጠርሙሶችና ከረጢቶች ይበዛሉ። አንዱ ላይ ቀይ ቲማቲም፣ ሌላው ላይ የተንዠረገገ ቃሪያ ተስሏል። ከሥዕሉ ሥር 0-52-34 ወይም 0-20-20 የሚል ቁጥር አለ። ሻጩ ምንነቱን ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «የአበባና የፍሬ ነው።» ገበሬው ገዝቶ ይሄዳል፤ ማሳው አበባ ባወጣ ሰሞን ይረጨዋል። ፍሬው ካማረ ጠርሙሱ ይመሰገናል፤ ካላማረ ዝናቡ ወይም ቱታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ይወቀሳል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ፎስፈረስና ፖታሲየም ሁለቱም ለፍሬ ሰብል የግድ ናቸው። ችግሩ ሰብሉ ሁለቱን በአንድ ጊዜም ሆነ በእኩል መጠን አለመፈለጉ ነው። ፎስፈረስ በይበልጥ የሚያስፈልገው ችግኙ ሥር በሚሰድበት ጊዜ ነው። ፖታሲየም ግን ፍሬው መሙላት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ መጨረሻው ለቀማ ድረስ በገፍ ይፈለጋል፤ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ፍሬው የሚጓዘው፣ ፍሬውም እኩል የሚቀላው በእሱ አጋዥነት ነውና። ስለዚህ ሁለቱን ደባልቆ በአበባ ሰዓት አንዴ መርጨት ለአንዱ ዘግይቶ፣ ለሌላው ቀድሞ መድረስ ይሆናል።

ከግዢው በፊት፦ ቁጥሩና ሒሳቡ

በማሸጊያው ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች በተራ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው። 0-52-34 የሚለው ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት ነው፤ በሙያው ዘንድ በአጭሩ ኤምኬፒ ይባላል። ውሃ ውስጥ ሙልጭ ብሎ የሚሟሟ ነጭ ዱቄት ሲሆን ብዙዎቹ የፎስፈረስና የፖታሲየም ፈሳሾች ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ቀድሞ በውሃ የተሟሟባቸው ናቸው። ቁጥሮቹ የሚለኩት በኦክሳይድ መልክ መሆኑን ልብ ይበሉ። የፎስፈረሱን ቁጥር በ0.44፣ የፖታሲየሙን በ0.83 ሲያባዙ እውነተኛው የንጥረ ነገር መጠን ይገኛል። በዚህ ሒሳብ የ0-52-34 ከረጢት ፎስፈረሱ 23 በመቶ ገደማ፣ ፖታሲየሙ 28 በመቶ ገደማ ነው፤ ከላይ ሲያዩት የፎስፈረስ ማዳበሪያ የሚመስለው ዕቃ ሲመነዘር ፖታሲየሙ ይበልጣል።

ጠርሙስና ከረጢት ሲያወዳድሩ ደግሞ ሊትርን ከኪሎ አያምታቱ። አንድ ሊትር 0-20-20 ፈሳሽ 1.4 ኪሎ ቢመዝን በውስጡ ከሁለቱም 280 ግራም፣ በድምሩ 560 ግራም ይኖረዋል። አንድ ኪሎ የ0-52-34 ዱቄት ግን 860 ግራም ይይዛል። የሁለቱን ዋጋ ለእነዚህ ግራሞች ያካፍሉ። ብዙ ጊዜ ዱቄቱ ይረክሳል፤ ፈሳሹ የሚያስከፍለው ለውሃውና ለጠርሙሱ ጭምር ነው። ለጓሮ አትክልት ባለቤት ምቾቱ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በሄክታር ለሚያመርት ግን ልዩነቱ ኪስ ይነካል።

አንድ ተጨማሪ ነገር በማሸጊያው ላይ ይፈልጉ። «ፎስፋይት» ወይም «ፎስፎረስ አሲድ» የሚል ካነበቡ ያ ሌላ ዕቃ ነው። ፖታሲየም ፎስፋይት እንደ አቮካዶ ሥር አበስባሽ ያሉ በሽታዎችን ለመከላከል ጥሩ ስም ያለው ምርት ነው፤ ተክሉ ግን ፎስፋይቱን እንደ ፎስፈረስ ምግብ አይጠቀምበትም። ለማዳበሪያነት የሚፈለገው «ፎስፌት» ነው። አንዲት ፊደል ያህል ልዩነት ስለሆነች መደብር ውስጥ በጥድፊያ ታልፋለች።

ማሳው አስቀድሞ ምን በልቷል?

ይህ ጥያቄ ከጠርሙሱ ምርጫ ይቀድማል። በሄክታር ሁለት ኩንታል ኤንፒኤስ የጨመረ ገበሬን እንውሰድ። ኤንፒኤስ 19-38-7 ነው፤ የመጨረሻዋ 7 ድኝ እንጂ ፖታሲየም አይደለችም። ሁለት ኩንታሉ በማዳበሪያ አቆጣጠር 76 ኪሎ ፎስፈረስ ያስገባል። በአንጻሩ አንድ ቶን ቲማቲም ከማሳው ይዞት የሚወጣው ፎስፈረስ በዚሁ አቆጣጠር አንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። 30 ቶን ቢለቀም እንኳ ከ30 ኪሎ ብዙም አያልፍም። አፈሩ ከተጨመረለት ውስጥ ከፊሉን አስሮ ያስቀራል፤ ቢሆንም ማሳው በፎስፈረስ ተርቧል ማለት አይቻልም።

ፖታሲየሙስ? ያው አንድ ቶን ቲማቲም አራት ኪሎ ገደማ ይወስዳል፤ 30 ቶን ሲሆን 120 ኪሎ። ኤንፒኤስ የሰጠው ዜሮ፣ ዩሪያ የሰጠው ዜሮ። ልዩነቱን የሚሸፍነው አፈሩ ብቻ ነው፤ ያም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በመስኖ ሲታረስ ሳይሳሳ አይቀርም።

የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም የሚለው እምነት ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው የመርፊ የአፈር ጥናት ለዚህ እምነት ዋና መነሻ ሆኖ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል፤ ገበሬው ዘንድ ይደርስ የነበረውም ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በተካሄደው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ ግን የፖታሲየም እጥረት ያለባቸው አካባቢዎች መኖራቸው ታየ። ዳሎል ላይ ግዙፍ የፖታሽ ክምችት ያላት አገር ለቲማቲሟ የሚሆነውን ፖታሲየም በመርከብ የምታስመጣ መሆኗ ሌላው አስገራሚ ነገር ነው።

ስለዚህ ከተቻለ አፈሩን ያስመርምሩ። ናሙናው ከማሳው ከተለያዩ ቦታዎች፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ፣ በንጹህ ባልዲ ተደባልቆ፣ በጥላ ደርቆ ወደ ክልሉ የአፈር ላቦራቶሪ ይሄዳል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መንገዱን ያሳያል። ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ይዩ፦ ፒኤች፣ የሚገኝ ፎስፈረስ፣ ተለዋዋጭ ፖታሲየም። እንደ ቆጋ መስኖ ባለው የሜጫ ቀይና አሲዳማ አፈር ላይ ፎስፈረስን አሉሚኒየምና ብረት ያስሩታል። ከፍተኛ ፒኤች ባላቸው የስምጥ ሸለቆ አፈሮች ላይ ደግሞ ካልሲየም ያስረዋል። በሁለቱም ቦታ መፍትሔው ፎስፈረሱን ሜዳው ላይ ከመበተን ይልቅ ከሥሩ አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ፈሳሹ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

ውሃው ይፈተን

የመስኖ ውሃ ሁሉ ለፎስፌት አይመችም። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ከበዛበት ከፎስፌት ጋር ተገናኝቶ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩ የጠብታ መስኖውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ማዳበሪያውም ከንቱ ይቀራል። ሙከራው ምንም አያስወጣም። በአንድ ሊትር ሃይላንድ የመስኖውን ውሃ ይቅዱ፤ በማሳው ላይ ሊጠቀሙበት ባሰቡት መጠን ማዳበሪያውን ይጨምሩ፤ አናውጠው ለሁለት ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ውሃው እንደ ጠራ ከቆየ ይቀጥሉ። ከደፈረሰ ወይም ከሥሩ ነጭ ነገር ካስቀመጠ በዚያ ውሃ ፎስፌትን በጠብታ መስመር አይስደዱ፤ ፎስፈረሱን በተከላ ጊዜ በአፈር ይጨርሱና በመስመሩ ፖታሲየሙን ብቻ ይልቀቁ። ሃይላንዱን ከሙከራው በኋላ ቀደው ይጣሉት፤ ማሳ ላይ የቀረ ጠርሙስ የጠማው ልጅ እጅ ይገባል።

በዚሁ ምክንያት ካልሲየም ናይትሬትና ፎስፌት በአንድ በርሜል አይበጠበጡም። ፖታሲየም ሰልፌትም ከካልሲየም ናይትሬት ጋር በወፍራሙ ከተደባለቀ ጀሶ ይሠራል። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መስጠት ይሻላል።

አበጣበጥና አሰጣጥ

ኤምኬፒ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር ውሃ ከ200 ግራም በላይ ይሟሟል፤ ፖታሲየም ሰልፌት ግን 110 ግራም አካባቢ ላይ ያቆማል፣ እሱም በትዕግሥት ካማሰሉት ነው። መጀመሪያ ውሃው ግማሽ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ ማዳበሪያው ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ ቀሪው ውሃ ይሞላል፣ በመጨረሻ በንጹህ ጨርቅ ይጠለላል። ማዳበሪያው በኩባያ ግምት ሳይሆን በሚዛን ይለካ። የወርቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ የሱቅ ትንሽ ሚዛን ይበቃል።

በተከላ ቀን፦ በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 50 ግራም ኤምኬፒ ይበጥብጡና ለእያንዳንዱ ችግኝ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ጣሳ፣ ከግንዱ ሥር ያፍስሱ። አንድ ጀሪካን 80 ችግኝ ያጠጣል። በመስመሮች መካከል 100፣ በችግኞች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር በሆነው የተለመደ ርቀት በሄክታር 33 ሺህ ያህል ችግኝ ስለሚኖር ዱቄቱ ወደ 20 ኪሎ ይደርሳል። ይህ እርምጃ በይበልጥ የሚከፍለው በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ለተተከለ ማሳ ነው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል፤ የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ የሚሆነውም በዚህ ሳቢያ ነው። ኤንፒኤሱ ከሥሩ አጠገብ ተቀብሮ፣ ወቅቱም ሞቃት ከሆነ ይህን ደረጃ መዝለል ይቻላል።

ከዚያ እስከ አበባ ድረስ ጠርሙሱን ይርሱት። እዚህ ላይ ከሻጮች ምክር ጋር መለያየት የግድ ነው፤ ፎስፈረስ ሲበዛ አበባ ይበዛል የሚለው አባባል ፎስፈረስ ለማይጎድለው ተክል አይሠራም። አበባ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ሙቀት፣ በውሃ ጥም ወይም በበዛ ዩሪያ ነው። በዩሪያ የጠገበ ቲማቲም ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ፍሬ ለመያዝ አይቸኩልም።

የመጀመሪያው ዘለላ ፍሬ የሽምብራ ያህል ሲሆን የፖታሲየሙ ጊዜ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ የሚሻለው ዕቃ ኤምኬፒ ሳይሆን ፖታሲየም ሰልፌት ነው፤ 50 በመቶ ፖታሲየም ከድኝ ጋር ይሰጣል፣ ፎስፈረስ የለበትም፣ ክሎራይዱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የጠብታ መስኖ ያለው በሳምንት በሄክታር 20 ኪሎ ያህል፣ ለስድስትና ሰባት ሳምንት ይለቃል፤ የአፈር ምርመራው ብዙ ፖታሲየም ካሳየ ግማሹ ይበቃል። ሲለቅ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ፣ መካከሉ ላይ ማዳበሪያ፣ በመጨረሻ 15 ደቂቃ ያህል እንደገና ንጹህ ውሃ ያሳልፋል።

በቦይ የሚያጠጣው ገበሬ ይበዛልና የእሱን መንገድ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዶች በቦዩ አፍ ላይ በርሜል አስቀምጠው ቧንቧውን ጠብ ጠብ ያስደርጋሉ። ሥራው ይቀላል፤ የቦዩ ራስ ግን ሲጠግብ የቦዩ ጅራት ይራባል፣ ከማሳው የወጣው ውሃም ማዳበሪያውን ይዞ ይሄዳል። ከዝዋይና ከጣና ዳርቻ ለሚያርሱ ይህ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በርሜሉ ውስጥ ኤምኬፒ ካለ ወደ ሐይቅ የሚገባው ፎስፈረስ እምቦጭን የሚያጠግብ ምግብ ነው። የሚሻለው በ20 ሊትር ባልዲ 40 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት በጥብጦ ለአንድ ተክል 300 ሚሊ ሊትር በጣሳ መስጠት ነው። አንድ ባልዲ 66 ተክል ይደርሳል፤ ሒሳቡ ከላይ ካለው 20 ኪሎ ጋር ይገጥማል። ጉልበት ይጠይቃል፤ ሩብ ሄክታር፣ ጎጃሞች ቃዳ ለሚሉት መጠን ግን የቤተሰብ ሥራ ነው። ከዚያ የሰፋ ማሳ ያለው ፖታሲየሙን ደረቁን በመስመር ዳር ቀብሮ ማጠጣቱ ያዋጣዋል።

ቅጠል ላይ መርጨትስ?

ሻጮች የሚያበረታቱት ይህኛውን ነው፤ ሒሳቡ ግን ጨከን ያለ ነው። በሊትር 5 ግራም ኤምኬፒ ተበጥብጦ በሄክታር 400 ሊትር ቢረጭ ጠቅላላው ዱቄት ሁለት ኪሎ ነው። በውስጡ ያለው ፖታሲየም 680 ግራም ሲሆን ለ30 ቶን ከሚያስፈልገው 120 ኪሎ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ዕለት በዕለት ቢረጭ እንኳ በቅጠል ሰብል መመገብ አይቻልም።

ርጭት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፦ ሥሩ በጎርፍ ታፍኖ ወይም በበሽታ ተጎድቶ መሳብ ሲያቅተው፣ ወይም ዛፉ በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬ ተሸክሞ ሥሩ ሲደክም። ያን ጊዜ በ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 80 ግራም፣ ቢበዛ 160 ግራም ይበቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይረጩ፤ በቀትር የተረጨ ጨው ቅጠሉ ላይ ደርቆ ያቃጥላል። ከኮፐር ፈንገስ መከላከያ ጋር በአንድ መርጫ አይደባልቁ፤ ኤምኬፒ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርግ መዳቡ ከመጠን በላይ ተለቅቆ ቅጠሉን ሊጠብስ ይችላል። አዲስ ዕቃ ሲሆን መጀመሪያ አሥር ተክል ላይ ረጭተው ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ።

ማሳው ሲናገር

ፖታሲየም የጎደለው ቲማቲም ከሥር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ጠርዛቸው እንደተለበለበ ይደርቃል፤ ፍሬው ሲቀላ ትከሻው ላይ ቢጫ ይቀራል፣ ሲቆረጥም ውስጡ ነጭ ጅማት ይታይበታል። ይህ በገበያ ዋጋ የሚጥል ጉድለት ነው።

ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ይገፋል። ፍሬው ከቂጡ ጠቁሮ መበስበስ ሲጀምር ብዙ ገበሬ በሽታ ነው ብሎ ፈንገስ መከላከያ ይረጫል፤ «የፍሬ ነው» የተባለውንም ጠርሙስ ይደግማል። መነሻው ግን ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ አለመድረሱ ነው። ሳምንት አድርቆ በአንድ ቀን ማጥለቅለቅ ዋናው ጥፋት ሲሆን የበዛ ፖታሲየም ያባብሰዋል። መጀመሪያ ውሃው በእኩል ልዩነት ይሰጥ፣ ፖታሲየሙ ለሁለት ሳምንት ይቁም፣ ከዚያ ፍሬው ይታይ። የጠቆረው አይድንም፤ ተለቅሞ ይጣል።

ለማረቆ ፋና በርበሬና ለቃሪያ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ምርቱ በቶን ስለሚያንስ መጠኑ ይቀንሳል። ለአቮካዶ ርካሹን ፖታሲየም ክሎራይድ አይጠቀሙ፤ ዛፉ ክሎራይድ አይወድም፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ማንጎ ላይ ደግሞ አበባ ለማስወጣት የሚረጨው ፖታሲየም ናይትሬት ዝነኛ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፊሊፒናዊው ሳይንቲስት ራሞን ባርባ ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። እዚያ ላይ አበባውን የሚቀሰቅሰው ናይትሬቱ ነው፤ ስለዚህ ኤምኬፒ ረጭቶ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይገባም።

አመድስ? የምድጃ አመድ ፖታሲየም አለው፤ ከውሃ ጋር ሲደባለቅም በቀላሉ ይለቀዋል። በአዊና በሜጫ አሲዳማ አፈር ላይ በተክሉ ዙሪያ በትንሹ መነስነሱ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ አሲዱንም ያበርዳል። ፒኤቹ ቀድሞ ከፍ ባለበት የስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። የአመድ ውሃን ከዩሪያ ጋር መደባለቅ ደግሞ ናይትሮጅኑን በአየር ማስኮብለል ነው።

በመጨረሻ፣ ከማሳው መካከል ሁለት መስመር ተጨማሪው ፖታሲየም ሳይሰጠው ይተው፤ ሌላው እንክብካቤ ሁሉ አንድ ይሁን። በለቀማ ጊዜ ከእነዚያ የወጣውን ሳጥን ከጎናቸው ካሉት ሁለት መስመሮች ጋር በደብተር ያነጻጽሩ፤ አንደኛ ደረጃውንና ተራውን ለየብቻ ይጻፉ፣ ምክንያቱም ፖታሲየም ብዙውን ጊዜ ከሳጥኑ ብዛት ይልቅ በፍሬው ጥራት ላይ ይታያል። የትርፉ ልዩነት የማዳበሪያውንና የጉልበቱን ወጪ ካልሸፈነ በቀጣዩ ዙር መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ከቲማቲሙ በኋላ በዚያው ማሳ ሽንኩርት የሚተከል ከሆነም ከዚህኛው ዙር ያልተበላ ፎስፈረስ ስለሚኖር፣ ኤንፒኤሱን እንደገና ሁለት ኩንታል ከማድረግ በፊት አፈሩን ዳግም ያስመርምሩ።